ጋቢ የለበሰ ፕላስቲክ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ። ሥራ አስኪያጁ ንግግሩን ጨርሶ ጋቢውን ትከሻዬ ላይ ጣል ሲያደርግልኝ ሳቄ አመለጠኝ። እንባ የጠበቁት ሁሉ ግራ ተጋቡ። አንዷ ወጣት ባልደረባዬ «እትዬ የሺ ደስታው በዝቶባቸው ነው» ብላ ልትሸፍንልኝ ሞከረች። ደስታስ ደስታ ነበር፤ ያሳቀኝ ግን ሌላ ነው። እኔ በሥራ ዘመኔ ጋቢ ሳለብስ የኖርኩ ሰው ነኝ። የማለብሰውም ሰው ሳይሆን ከምድጃ የወጣ ትኩስ ፕላስቲክ ነበር። በዚያ ጋቢ የተነሣ አንድ ደግ ሰው ሞጣ ላይ መስጊድ ውስጥ ተደፍተውብናል። ይህን የሚያውቅ በአዳራሹ ውስጥ ከእኔ በቀር ስላልነበረ ብቻዬን ስቄ ተቀመጥኩ።

የሠራሁት ቢቸና ነው፤ የሰው እግር በሚጠገንበት ትንሽ ወርክሾፕ ውስጥ። ሰው ሠራሽ እግርም እንሠራ ነበር፤ አብዛኛው ሥራችን ግን እግሩ እያለ ለማይታዘዝለት ሰው ድጋፍ መሥራት ነው። ፖሊዮ ያጠቃው ልጅ፣ ስትሮክ የመታው ሽማግሌ፣ ከዛፍ ወይም ከመኪና ወድቆ ነርቩ የተጎዳ ጎልማሳ ወደ እኛ ይመጣል። እግሩን ሲያነሣ ጣቶቹ ወደ መሬት ይንጠለጠላሉ፤ እየጎተተ ይሄዳል። ለእንዲህ ያለው ሰው ከባቱ ጀምሮ በተረከዙ ዞሮ እስከ ጣቶቹ ጫፍ የሚደርስ፣ ከካልሲ በላይ የሚጠለቅና ጫማ ውስጥ የሚገባ የፕላስቲክ ድጋፍ እናዘጋጅለታለን። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ በደብረ ወርቅ በኩል አድርገን ሞጣ እንሄድና በተሰጠችን ጠባብ ክፍል ልክ እንወስዳለን።

ስቀጠር ቆዳ ሰፊ ነበርኩ። ማሰሪያውን፣ ዘለበቱን፣ የውስጥ ልባጡን እሰፋለሁ። አባቴም ቆዳ ሠራተኛ ነበር፤ በልጅነቴ ሰው ሙያውን ከንፈሩን አጣሞ ሲጠራው እየሰማሁ ስላደግኩ፣ ያው ሙያ ነጭ ጋውን አልብሶ ሲያስቀምጠኝ ትንሽ ኮራ ብያለሁ፤ አልዋሽም። ስለ ደመወዙ ብዙ ባልናገር ይሻላል። አለቆችም መጡ ሄዱ። አንዱ ሪፖርት ይወድ ነበር፤ ስንት ድጋፍ እንደተሠራ እንጂ ሰውየው ይራመድበት እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም። ሌላው ባገኘው አጋጣሚ ግድግዳ ያስቀባል። ቀለሙ ሳይደርቅ እየተደገፍን ጋውናችን ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ክፉ አለቃ ግን አልገጠመኝም።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ሞላ ናቸው። የምድጃው ኃላፊ እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን ረዳታቸው ታሞ ሲቀር ከስፌቴ ጠርተው የፕላስቲኩን ጫፍ አስያዙኝ። እጄ እንዳልተንቀጠቀጠ አይተው ነው መሰለኝ፣ በማግስቱም ጠሩኝ። ከዚያ ወዲያ ወደ ስፌቱ የተመለስኩት ሲቸግር ብቻ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። በታካሚው እግር ላይ የጀሶ ፋሻ ተጠቅልሎ ልኩ ይወሰዳል። ያ ቅርፊት ውስጥ ጀሶ ይፈስና ሲደርቅ የሰውየው እግር ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ይላል። ጠፍጣፋው ፕላስቲክ ምድጃ ሲገባ እንደ ወተት ነጭ ነው፤ እየሞቀ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይጠራና በወዲያኛው በኩል ያለው ሁሉ ይታያል። ያኔ ሁለት ሰው በጓንት ጫፍና ጫፉን ይዞ በጀሶው ላይ ያለብሰዋል፣ ዳርና ዳሩን ቆንጥጦ ይዘጋል፣ በውስጥ ያለው አየር በቱቦ ይመጠጥና ፕላስቲኩ ጀሶው ላይ ልክክ ይላል። ከምድጃው ወጥቶ እስኪዘጋ ያለው ጊዜ አንድ አባታችን ሆይ አያስደግምም።

ጋሽ ሞላ ሥራ ሲጀምሩ ሰዓታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ይከታሉ። ምድጃው የራሱ ደወል አለው፤ እሳቸው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው በዓይናቸውና በአፍንጫቸው ይለኩታል። የሚገርመኝ ደግሞ ጀሶውን እንደ ሰው ማናገራቸው ነበር። ጀሶው የሽማግሌ እግር ከሆነ በእርስዎ፣ የልጅ ከሆነ በአንተ። «መምሬ፣ ወደ እኔ ዘወር ይበሉ» ይሉታል። «ትንሽ ትሞቅዎታለች፤ ይቻሉኝ።» መጀመሪያ ሰሞን ሳቄን ስታገል ቆይቼ በኋላ እኔም ለመድኩት፤ አንዳንዴም መልስ የምጠብቅ ሆንኩ።

ከዚያ ጋቢው ይመጣል። የቢቸና ብርድ የታወቀ ነው፤ ወርክሾፓችን ደግሞ ቆርቆሮ ክዳን፣ በሩም ገርበብ ያለ ነው። ትኩስ ፕላስቲክ ብርድ ሲያገኘው አንዱ ወገን ከሌላው ቀድሞ ይኮማተራል። ጠዋት ከጀሶው ስናወልቀው ባቱ ጋ ተበርግዶ ወይም ተረከዙ ጋ ተጣሞ እናገኘዋለን። ጋሽ ሞላ ይህን «ብርድ መታው» ይሉታል፤ ላብ በላዩ ላይ እያለ ደጅ የወጣ ሰው እንደሚመታው ማለታቸው ነው። መድኃኒቱም ያው ነበር። አሮጌ ጋቢያቸውን ከግድግዳው ያወርዱና ጀሶውን ከነፕላስቲኩ ከላይ እስከ ታች ጥቅልል አድርገው ይሸፍኑታል። «ይተኛ» ይላሉ። እስከ ማግስቱ ገልጦ ማየት ክልክል ነው።

ውጤቱ ያማረ ነበር። በጋቢ ያደረ ድጋፍ ቅርጹን አይለቅም፤ ጠንካራም ይሆናል። እርሻ ውለው ለሚገቡት፣ ማኅሌት ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ለረጅም ሰዓት ለሚቆሙት የደብረ ወርቅ መሪጌቶች የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ቆመው ይውላሉ፣ ድጋፉም ቆሞ ያውላቸዋል። ጋሽ ሞላ የማንንም ምክር ሳይጠይቁ በራሳቸው ዓይን ያገኙት ብልሃት ስለሆነ እኔም እንደ ሥርዓት ተቀብዬው ኖርኩ።

ጋሽ ሰይድ ወደ እኛ የመጡት በዚህ መካከል ነው። የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ግዙፍ፣ ደረተ ሰፊ፣ የጣቃ ጭነት ብቻቸውን የሚያወርዱ ሰው ነበሩ። ከጭነት መኪና ላይ ወድቀው የቀኝ እግራቸው ነርቭ ተጎዳ። መጀመሪያ በተራው ፕላስቲክ ሠራንላቸው፤ በክብደታቸው ወዲያው ጎበጠ። እንደ አጋጣሚ በዚያው ሰሞን አዲስ ዓይነት ፕላስቲክ በእርዳታ መጣልን። ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ የፋይበር ግላስ ክር የተቀላቀለበት ስለሆነ ሲሞቅ አይጠራም፤ መብሰሉን የምናውቀው መሐሉ ረገብ ሲል ነው። ጥንካሬው ግን ሌላ ነበር። ጋሽ ሞላ ጉልበታቸው ላይ ሊያጎብጡት ሞክረው እንቢ ሲላቸው ፈገግ አሉ። «ይሄ የጋሽ ሰይድ ነው» አሉ።

ልክ ስንወስድ ጋሽ ሰይድ የሚፈልጉትን ነገር በግልጽ ነግረውናል። መራመዱን እንደምንም ይወጡታል። ያቃጠላቸው ሶላቱ ነው።

«ሱጁድ ወርጄ፣ ግንባሬን ምንጣፍ አስነክቼ መነሣት አቃተኝ» አሉኝ። «ግራና ቀኝ ያሉት በብብቴ ገብተው ያነሡኛል። ደጎች ናቸው፤ ለእኔ ብለው ነው። ግን በየሶላቱ እንደ ከረጢት መነሣት ምን ያህል እንደሚከብድ አላህ ያውቃል። ሰው ሳይነካኝ ልነሣ። ሌላ አልጠየቅኳችሁም።»

ሠራነው፤ በጋቢ አሳደርነው፤ በልኩ ሆነ። ሲራመዱበት ዓይናቸው በራ። ጥቂት ሳምንት አልፎ የጁምዓ ሶላት ላይ፣ ከመቀመጥ ሊነሡ በታጠፉት ጣቶቻቸው መሬቱን ሲገፉ፣ ድጋፉ ጣቶቹ በሚታጠፉበት መስመር ላይ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ጋሽ ሰይድም ከፊታቸው ባለው ሰው ጀርባ ላይ ወደቁ። ሰልፉ ተበተነ። አንሥተው ያወጧቸው ሦስት ወንዶች ናቸው።

ይህን የሰማነው በወሩ ተራችን ሞጣ ሄደን ሳይመጡ ሲቀሩ ነው። ሱቃቸው ሄድን። ከጣቃዎቹ መካከል ተቀምጠው ነበር፤ ለመነሣትም አልሞከሩም። የተሰበረውን ድጋፍ ከባንኮኒው ሥር አውጥተው ለጋሽ ሞላ ሰጧቸው።

«አትድከሙ» አሉ። «ወንበር ላይ ሆኜ እሰግዳለሁ። ላልቻለ ሰው የተፈቀደ ነው።»

ጋሽ ሞላ «ይሁን እንጂ እርስዎ ወንበር አልፈለጉም» አሏቸው።

«አልፈለግኩም። ግን ሰው ላይ ከምወድቅ ይሻላል። የወደቅኩበት ሰውዬ እኮ ሽማግሌ ናቸው፤ ይቅርታ ስጠይቃቸው እሳቸው አለቀሱ።»

ጋሽ ሞላ ስባሪውን በነጠላቸው ጠቅልለው እስከ ቢቸና ጉልበታቸው ላይ ይዘውት ሄዱ።

እንዴት እንደተሰበረ ልንገምት ሞከርን። አንደኛው ነገር ቶሎ ገባን። መስጊድ በጫማ አይገባም፤ ውጭ ሲራመዱ የጫማው ሶል ከድጋፉ ጋር ሸክሙን ይካፈላል፤ ምንጣፍ ላይ ግን እጥፋቱ በሙሉ በፕላስቲኩ ላይ ብቻ ነው የሚወድቀው። ታዲያ ተራው ፕላስቲክ በባዶ እግር ሲጎብጥ እንጂ ሲሰበር አላየንም። ጣት ጋ ቆርጠን ብናሳጥረው ደግሞ ጣቶቻቸው ይታጠፉና ይደናቀፋሉ። ግራ ገባን።

ትዕግሥት የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት ነበረች፤ ትምህርቷ የቁሳቁስ ምህንድስና ነው። እናቷ ስትሮክ መትቷቸው የእኛ ታካሚ ስለነበሩ ቢቸና በመጣች ቁጥር ወርክሾፑን ሳትጎበኝ አትሄድም። ስባሪውን አሳየኋት። ይዛው ሄደች፤ ስትመለስ በማይክሮስኮፕ የተነሣ ፎቶ በስልኳ ይዛ መጣች። የፈኩ ባለቀለም አበቦች ይመስላሉ፣ ዳር ድንበራቸው የተለየ።

«እትዬ የሺ፣ ይህ ፕላስቲክ ሲቀልጥ ውስጡ ያለው ሁሉ የተበታተነ ነው» አለችኝ። «ሲበርድ ከፊሉ ይደራጅና ክሪስታል ይሠራል። ቀስ ብሎ ከበረደ ክሪስታሎቹ ለማደግ ጊዜ ያገኛሉ፤ እንዲህ ይተልቃሉ። ቶሎ ከበረደ ደቃቅ ሆነው ይቀራሉ።»

«መተለቃቸው ምን ይጎዳል?»

«ለመቆም አይጎዳም፤ እንዲያውም ያጠነክራል። ለመታጠፍ ነው የሚጎዳው። ስንጥቁ በትልልቆቹ ድንበር እየተከተለ ይሄዳል። በዚህኛው ደግሞ ፋይበሩ አለ። ክሪስታሉ መብቀል የሚጀምረው ከክሩ ገጽ ነው፤ ይኸው፣ እንደ ሚዶ ጥርስ ተደርድሮ።» ፎቶውን በጣቷ አሰፋችልኝ። «ስታቀዘቅዙት ምንድን ነው የምታደርጉት?»

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጋቢ ላለማየት ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ጋሽ ሞላ ከምድጃው አጠገብ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል።

«እንግዲህ የማር ነገር ነው በይኛ» አሉ። ንብ ያረባሉ። «ማር ውስጥ ጭራሮ ከቀረበት መርጋት የሚጀምረው ከጭራሮው ዙሪያ ነው።»

«አዎ፣ ጋሼ፤ እንደዚያ ነው» አለች ትዕግሥት።

«ጊዜ የሰጠሁት ደግሞ እኔ ነኝ። የሸፈንኩት እኔ ነኝ።»

ጋቢውን አወረዱ፤ አጣጥፈው በብብታቸው ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በሥራ ሰዓት ሲወጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። አዘንኩላቸው። ትዕግሥትም ደንግጣ «ክፉ ነገር ተናገርኩ እንዴ?» አለችኝ። ክፉ አልተናገረችም። ግን ያ ጋቢ ለእሳቸው ጨርቅ ብቻ አልነበረም፤ ሙያቸው ውስጥ ያስገቡት ርኅራኄ ነበር። አሁን ርኅራኄው ሰው መጣሉን ነው የሰሙት።

በማግስቱ ያለ ጋቢ መጡ። ትዕግሥት በቀዝቃዛ ውሃ እንሞክረው አለች፤ ይሠራል ብላ እንደማትምል ግን አስቀድማ ነገረችን። የጋሽ ሰይድን ጀሶ እንደገና አልብሰን ውሃ አፈሰስንበት። ጣት ጋ ስናጥፈው በእርግጥም አልተሰበረም። ባቱ ግን ተበርግዶ፣ ተረከዙ ተጣሞ ቁጭ አለ፤ ሰው እግር ላይ የሚገባ ነገር አልነበረም። ጋሽ ሞላ እያገላበጡ አዩት። ብርድ መታው አላሉም። እኔ በበኩሌ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ንዴቴን በጀሶው ፍርፋሪ ላይ በመጥረጊያ ተወጣሁት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጋሽ ሞላ አንድ ዘንቢል ይዘው ገቡ። ከዘንቢሉ ያወጡት ያንኑ ጋቢ ነበር፤ ግን ስስ ሆኗል። ጋቢ ድርብ ነው፤ ዳሩ የተያያዘበትን ስፌት ፈትተው ለሁለት ለያይተውታል። እኔ የስፌት ሰው ስለሆንኩ ምን ያህል ተጠንቅቀው አንድ በአንድ እንደፈቱት ታየኝ። አንዱን ክፍል ቀዝቃዛ ውሃ ባልዲ ውስጥ ነከሩት። ሌላውን በደረቁ ትከሻቸው ላይ ጣሉት።

«መላ አካሉ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም» አሉን። «ባቱ ይቆማል፣ ጣቱ ይታጠፋል። ለምን አንድ ዓይነት እናለብሰዋለን?»

ትዕግሥት አፏን ከፍታ አየቻቸው፣ ከዚያ ቴርሞሜትሯን ከቦርሳዋ አወጣች። ፕላስቲኩ ጀሶው ላይ ልክክ እንዳለ፣ አየሩ ገና እየተመጠጠ፣ ጋሽ ሞላ ደረቁን ከባት እስከ ተረከዝ ጠቀለሉ። እኔ እርጥቡን ጣቶቹ ላይ ጣልኩ፤ ሺ ብሎ ጨሰ። ሲሞቅ እያነሣሁ፣ እየነከርኩ፣ እንደገና ጣልኩበት። ትዕግሥት «አሁን፣ አሁን፣ አሁንም» ትለኛለች። ጋሽ ሞላ ጎንበስ ብለው «ጋሽ ሰይድ፣ እዚህ ጋ ብርድ ትምታዎ፤ ለመልካም ነው» አሉት ጀሶውን።

በአንዴ አልተሳካም። እርጥቡና ደረቁ በሚገናኙበት ቦታ ላይ መጀመሪያ ተጣመመ፤ በመካከላቸው እርጥበት የሌለው ስስ ጨርቅ አስገብተን ቅዝቃዜው ቀስ እያለ እንዲሸጋገር ስናደርግ ተስተካከለ። አንዱን ሠርተን ሆን ብለን ለሙከራ ሰዋነው፤ ጣቱን በማሰሪያ አስረን እየተፈራረቅን አጠፍነው፣ ዘረጋነው። ክንዳችን ዛለ እንጂ እሱ አልተበገረም። ቀጥሎ የሠራነውን በጨርቅ ጠቅልለን ሞጣ ይዘን ሄድን።

ጋሽ ሰይድ እንቢ አሉ። የጋሽ ሞላን ጨዋነት ስለሚያከብሩ በለሰለሰ አነጋገር ነው፤ ግን እንቢ ነው።

«ሁለተኛ ሰው ላይ አልወድቅም» አሉ።

ጋሽ ሞላ መሬት ላይ ጎንበስ ብለው የጋሽ ሰይድን እግር በእጃቸው ያዙ። «የፊተኛውን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ ሸፍኜ ነው የሰበርኩት» አሏቸው። «ይሄንን አልሸፈንኩትም። መጨረሻው ሰልፍ ላይ፣ ግድግዳው ጥግ ይቁሙ። ከፊትዎ በቅርብ ሰው አይኑር። ከወደቁም በእኔ ይሁን።»

ጋሽ ሰይድ እግራቸውን እንደተያዙ ድጋፉን አንሥተው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ካልሲ እንዲያመጡላቸው ወደ ጓዳ ተጣሩ።

የቀትሩ ሶላት ደረሰ። መስጊዱ ከሱቁ ሩቅ አይደለም። ጋሽ ሰይድ ከሰው ኋላ ገቡ። እኔና ጋሽ ሞላ ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ወደ ቢቸና በምንመለስበት ሚኒባስ ቦታ ይዘን ነበር፤ ረዳቱ ሰው እየጠራ በጎዳናው ይመላለሳል። ከውስጥ የኢማሙ ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር ሰው እንደሚወርድና እንደሚነሣ ስለማውቅ በእያንዳንዱ ጆሮዬን እጥላለሁ። ጋሽ ሞላ ሰዓታቸውን አውልቀው በእጃቸው ጨብጠዋል።

ሶላቱ አለቀ። ሰዎቹ ጫማቸውን እያጠለቁ መውጣት ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ ወጡ፣ ነጋዴዎቹ ወጡ፣ የመስጊዱ በረንዳ ባዶ ሆነ። ጋሽ ሰይድ የሉም። የሚወጡት ሰዎች ፊት ላይ የሆነ ነገር ልፈልግ ሞከርኩ፤ ምንም አይነበብም።

«ወድቀው ይሆናል» አልኩ።

ጋሽ ሞላ ተነሡ፤ ጎዳናውን ተሻግረው ጫማቸውን አወለቁና በበሩ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ቆዩ። ከዚያ በእጃቸው ጠሩኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ ሄድኩና ከኋላቸው ሆኜ አየሁ።

ሰፊው ወለል ባዶ ነው። ጋሽ ሰይድ ብቻቸውን ከግድግዳው ጥግ ይሰግዳሉ። ግንባራቸው ምንጣፉ ላይ ነው። ቀና ብለው ተቀመጡ፤ የቀኝ እግራቸው ጣቶች ከሥራቸው ታጠፉ፤ መሬቱን ገፉና ተነሡ። ቀጥ ብለው ቆሙ። እንደገና አጎነበሱ፣ ወረዱ፣ ተነሡ። ሊያነሣቸው የሚችል አንድም ሰው በአጠገባቸው አልነበረም። ይህን ሁሉ ጊዜ በወንበርና በሰው እጅ የሰገዱት ሰው አሁን ማብቃት አልፈለጉም።

ረዳቱ ከጎዳናው ማዶ «ቢቸና፣ ሞልቷል፣ እንሂድ» ብሎ ተጣራ።

«ጋሼ፣ ልጥራቸው?» አልኩ በሹክሹክታ። «መኪናው ሊሄድብን ነው።»

«ተያቸው» አሉኝ ጋሽ ሞላ። «አትጥሪያቸው።»

ሚኒባሱ ጥሩምባውን እየነፋ አልፎን ሄደ። እኛም እዚያው በሩ ላይ ቆመን ቀረን።